የወለድ ጥያቄ

ዋጫ ላይ በሥራ ቀናት ከባንክ መስኮት ጀርባ እቀመጣለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ኢኮኖሚክስ አስጠናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ «ወለድ የገንዘብ ዋጋ ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ዘሌዋውያን 25 ከደኸየ ወንድም ወለድ መውሰድን ይከለክላል። የትኛውን እንመን?»

የማቴዎስ 25ን መክሊት ጠቀስሁላት፤ ጌታው ገንዘቡን ከነወለዱ ሊቀበል ይሻ ነበርና።

«እሱ ባለጠጋ ነው» አለችኝ፤ «አባቴ ግን ለክረምት እህል ተበድሮ ቡናውን ገና ከዛፉ ሳይለቀም ለአበዳሪው ሰጠ።»

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ከአበዳሪው በፊት ወደ እኔ መጥተው ነበር፤ መያዣ ስለሌላቸው በትሕትና መለስኋቸው።

የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. ካህናት በወለድ እንዳያበድሩ ከልክሏል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም አራጣን ይቀጣል። ሁለቱም አበዳሪውን ይጠይቃሉ። ችግረኛውን ወደ አበዳሪው ደጅ የሸኘውንስ ማን ይጠይቀዋል?

ዐረፍተ ነገሩን አልደመሰስሁትም፤ ትክክል ነውና። ከሥሩ ግን «ከማን?» ብዬ ጨመርሁ። ይህ ለተማሪዎቼ በፈተና አይመጣም። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት እፈተናለሁ።