የቸኮሌት ወረቀትና የ10,000 ቮልት አጥር

የፈተና ሳምንት እንዳለቀ «ጁራሲክ ወርልድ፦ ሪበርዝ»ን አየነው። አምስት ነን፤ ሁለታችን ኤሌክትሪካል፣ ሁለታችን ሲቪል፣ አንዳችን ባዮሜዲካል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ጀምሮ ሲቆጠር ይህ የ2025ቱ ሰባተኛ ነው። ከቀደሙት ጋር ይስተካከላል ወይ? መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ በ2018 እና በ2022 ከወጡት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ላይ ግን አይደርስም። (ያላያችሁት ወንድሞችና እህቶች አፉ በሉን፤ ከዚህ በታች የፊልሙ ምስጢር ይወጣል።)

ተስፋ አድርገን ነበር የተቀመጥነው። ድርሰቱን የጻፈው ዴቪድ ኬፕ ነው፤ የመጀመሪያውንም ከማይክል ክራይተን ጋር የጻፈው እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ደግሞ ግዙፍ ነገርን ግዙፍ አስመስሎ ማሳየት ያውቅበታል።

ፊልሙ የሚከፈተው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አንድ ሠራተኛ ቸኮሌት ይበላል፤ ወረቀቱ ይወድቅና የበሩ አየር ማስገቢያ ይስበዋል፤ ሲስተሙ ይበላሻል፤ በሩ ይከፈታል፤ አውሬው ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኤሌክትሪካል የሆንነው ሁለታችን እዚያው ሳቅን። እንዲህ ያለ አውሬ የሚጠብቅ በር ሲበላሽ ተዘግቶ እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል እንጂ ተከፍቶ እንዲቀር አይደረግም። ይህን የሦስተኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

በ1993ቱ ፊልም ግን ጥፋቱ ባለቤት አለው። ሃሞንድ የተባለው ባለሀብት በምንም ነገር ላይ ገንዘብ እንዳልሰሰተ ደጋግሞ ይናገራል፤ የፓርኩን ኮምፒውተር አሳምሮ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም በክፍያው የተከፋ። ያ ሰው፣ ኔድሪ፣ የዳይኖሰር ሽሎችን ሰርቆ ለመውጣት ሲል ጥበቃውን ያጠፋል። ሲስተሙን ለማስነሳት ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ማብራት ያስፈልጋል፤ ሲጠፋ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ይሠራ የነበረው የራፕተሮቹ አጥርም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ሰው በእግሩ ሄዶ ብሬከሮቹን በእጁ መመለስ አለበት። (ዶርም ውስጥ አንዱ ስቶቭ ሰክቶ ብሎኩን ሁሉ ሲያጨልም ማን ብሬከር ሊያነሳ ይውረድ ብላችሁ ከተጨቃጨቃችሁ ስሜቱ ይገባችኋል።) ኤሊ ሳትለር ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ስታበራ፣ ሌላ ቦታ ሁለቱ ልጆች 10,000 ቮልት የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትን አጥር እየተሻገሩ ነው። እሷ አታውቅም። አንዱን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር እኛ እንሸማቀቃለን። አጥሩ ዘንድ አንድም ዳይኖሰር የለም፤ የሚያስፈራን መስመሩ ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን ያረጋገጠ አለመኖሩ ነው።

ክራይተን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ኮምፒውተሩ እንስሳቱን የሚቆጥረው 238 ናቸው ተብሎ ተነግሮት ነው። 238 ሲያገኝ መቁጠሩን ያቆማል፤ ከዚያ በላይ የተዋለዱትን አያያቸውም። ሁሉም ሙሉ ነው የሚል ሪፖርት በየቀኑ ይወጣል።

ልዩነቱ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢንሻአላህ ስማችን ንድፍ ላይ ይሰፍራል። ሕንጻ ሲሰነጠቅ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል «ቀደር ነው» ብሎ ነገሩን መሸኘት የለመደ ብዙ ነው። ቀደር መሆኑን ማን ይክዳል? ግን መጀመሪያ ግመልን ማሰር፣ ከዚያ ተወኩል የሚለውን በመድረሳ ገና ሐርፍ ስንቆጥር ነው የሰማነው። የመጀመሪያው ፊልም ግመሉን ማን እንዳላሰረ በስም ይነግረናል። በአዲሱ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ወረቀት ነው ያጠፋው።

መልካሙንም እንመስክር። ረጅም ሣር ውስጥ የቆሙት ታይታኖሰሮች ከአንገታቸው እስከ ጭራቸው ሲታዩ፣ የጆን ዊልያምስ የጥንቱ ዜማም ሲመለስ ክፍሉ ጸጥ አለ። የጀልባ አዛዥ ሆኖ የሚጫወተው ማህርሻላ አሊ ነው፤ በ2017 በትወና ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ሙስሊም ተብሎ የተጻፈለት። ልጁን በሞት ያጣ ሰው ሆኖ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን ይሰማል። ከሁሉ የበለጠው ግን ቲ-ሬክስ በወንዙ ላይ በጎማ ጀልባ የሚሸሸውን ቤተሰብ የሚያሳድድበት ነው። ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ከ1990ው መጽሐፍ ተወስዶ በ1993ቱ ፊልም ሳይገባ የቀረ ነው። የአዲሱ ምርጥ ክፍል ከአሮጌው የተረፈ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

የምንከራከርበት ግን መድኃኒቱ ነው። ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱት ከባሕር፣ ከምድርና ከአየር ግዙፍ ከሆኑት ሦስት እንስሳት ደም ለመውሰድ ነው፤ አንድ ኩባንያ ለልብ ሕመም መድኃኒት ሊሠራበት። ዶክተር ሉሚስ መድኃኒቱ የሁሉም ሰው መሆን አለበት ይላል። ባዮሜዲካሉ ወንድማችን በዚህ የተነሳ አዲሱ ይበልጣል ባይ ነው፤ የ1993ቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላነሳም ይላል። ይህ እውነት ነው። የታዘዘለትን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞረ ቤተሰብ ከእኛ መካከል የሌለው ማን አለ? ግን ፊልሙ ይህን ከባድ ነገር በሩጫ መካከል ጥቂት ንግግር ሰጥቶ ያልፈዋል፤ መጨረሻ ላይም በአንድ አፍታ ይፈታዋል። እንደዚያ በቀላሉ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተፈትቶ ነበር።

ወንድማችን ግን አሁንም በአቋሙ ነው። ስምንተኛው ከመጣ ስለ መድኃኒት ፋብሪካው ይሁን እያለ ነው፤ ዳይኖሰር ባይኖርበትም አየዋለሁ ብሏል።