አድራሻውን ማን ሰጠው?

በዚህ በምንኖርበት አገር ቢሮ ገብታችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ አንድ ጠዋት ኮምፒዩተራችሁ «ግንኙነት የለም» ብሎ እምቢ ያላችሁ ቀን ሳይኖር አይቀርም። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ነካህበት? ምን ነካሽበት?» የሚለው ነው። አነጋገራችን የተለየ፣ ለሥራውም አዲስ ከሆንን ደግሞ ጥያቄው ወደ ፍርድ ይጠጋል። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

የምተዳደረው የኮምፒዩተር መረብ በመጠገን ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ወጣት የአገራችን ልጅ በእንግዳ መቀበያው ተቀጥራ ነበር። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኮምፒዩተሯ ጠዋት ጠዋት መረቡን ያጣ ጀመር። አለቃዋም «የመሣሪያ አያያዝ አታውቅም» የሚል ማስታወሻ በፋይሏ ውስጥ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ በማርያም፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለችኝ።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ማወቅ ይበቃል። ኮምፒዩተር በመረብ ላይ ለመነጋገር አይ ፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህን አድራሻ የሚያድለው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዲ ኤች ሲ ፒ የተባለው ሥርዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ በመረቡ ላሉት ሁሉ ይጣራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። «አንተስ ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በኮምፒዩተሯ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ «አይፒኮንፊግ» ብዬ ብጽፍ፣ የቢሯችን አድራሻ ሁሉ በ10 የሚጀምር ሆኖ ሳለ የእርሷ በ192.168.1 ይጀምራል። ጭራሽ መልስ ያጣ ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይፈጥር ነበር። ስለዚህ ሌላ መላሽ አለ ማለት ነው። 192.168.1 ደግሞ በየቤታችን ያሉት ትናንሽ ራውተሮች አዘውትረው የሚያድሉት ቁጥር ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር!

«አርፕ» የተባለው ትእዛዝ የባዕዱን መሣሪያ መለያ ቁጥር ሰጠኝ፤ የመረቡ ማከፋፈያም ያ ቁጥር በየትኛው መሰኪያ በኩል እንደሚመጣ ነገረኝ። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ ከስብሰባው ክፍል ማተሚያ ጀርባ አንዲት ትንሽ ራውተር ተሰክታ አገኘሁ። ለብዙ ዓመት የሠራ አንድ ባልደረባ የገመድ መሰኪያ ቢያንሰው ከቤቱ ያመጣት ነበረች። ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የሌላት ራውተር «መውጫው እኔ ነኝ» እያለች ኮምፒዩተሩን ታሳስት ነበር።

ታዲያ ለምን በእርሷ ብቻ? ሌሎቹ ኮምፒዩተራቸውን ሳያጠፉ ይሄዳሉ፤ አድራሻቸውም ከቀድሞው ሰርቨር በቀጥታ ይታደሳል። እርሷ ግን በደንቡ መሠረት ማታ ታጠፋለች፤ የስምንት ሰዓቱ የአድራሻ ውል ሌሊት ያልቃል፤ ጠዋት ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ይጣራል። ልጅቱ የተቀጣችው ደንብ በማክበሯ ነበር።

ያገኘሁትን ከነቁጥሩ፣ ከነሰዓቱና ከነፎቶግራፉ በአንድ ገጽ ጽፌ ለአለቃዋ ሰጠሁት። ማስታወሻው ተነሣ፤ ልጅቱም በሥራዋ ጸናች። ራውተሯ ተነቀለች፤ በማከፋፈያዎቹም ላይ ከታወቀው ሰርቨር በቀር ሌላ አድራሻ እንዳያድል የሚከለክለውን ጥበቃ አበራን።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ከማስነሣታችሁ በፊት ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ፤ አጥፍቶ ማስነሣት ምልክቱን ሊያጠፋው ይችላልና። ደህና ሲሠራ የነበረውንም ቁጥር አስቀድማችሁ መዝግባችሁ ያዙ። «ምን ነካሽበት?» ለሚል አለቃም «አድራሻውን ማን ሰጠው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ቁጥር የያዘ ወረቀት፣ አነጋገሩ ለተለየ ሰው ጥሩ ጠበቃ ነው።

ቸር ይግጠመን።