መድኃኒትና መርዝ

በቋንቋችን መድኃኒት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የታመመ ሰው ሲድን «መድኃኒት አገኘ» እንላለን፤ ሰው በተንኰል ሲመረዝ ደግሞ «መድኃኒት አበሉት» እንላለን። ገበሬውም ተባይ ለመግደል የሚረጨውን ነገር መርዝ ብሎ አይጠራውም፤ መድኃኒት ይለዋል። ይህ አጠራር ካለማወቅ የመጣ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ለእኔ ግን ትልቅ እውነት ያለበት ይመስለኛል፤ ያው አንዱ ነገር እንደ መጠኑ፥ እንደ ቦታውና እንደ ሰጪው ታማኝነት ያድናል ወይም ይገድላልና።

ለዚህ ነገር ዲዲቲ የተባለው ዱቄት በቂ ምስክር ነው። ተባይ የመግደል ኀይሉን የስዊስ ተወላጅ የሆነው ፓውል ሙለር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 አገኘ፤ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው፤) በ1948ም የኖቤልን ሽልማት ተቀበለበት። ዲዲቲ የወባን ትንኝ ስለ ገደለ ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ ከሞት ተርፏል። ቈይቶ ግን ከአፈርና ከውኃ ቶሎ እንደማይጠፋ፥ በእንስሳትም ስብ ውስጥ እየተከማቸ የአሞራዎችን የእንቁላል ቅርፊት እንደሚያሳሳ ታወቀ። አሜሪካዊቱ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳት ሕዝቡን አስጠነቀቀች፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1972 ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ስምምነት ግን ለእርሻ ከልክሎ፥ እንደ ወባ ያለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ነፍሳት ለመከላከል ብቻ እንዲያገለግል ተወው። በአገራችንም ለወባ ትንኝ የታሰበው ዲዲቲ በጫት ማሳ ላይ ሲረጭ ተገኝቷል። በቤት ግድግዳ ላይ ሕይወት ያዳነው ዱቄት ሰው በሚያኝከው ቅጠል ላይ ሲነሰነስ ሌላ ነገር ሆነ። ዱቄቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ነው።

ዛሬ ስለ እርሻ መድኃኒትና ልውጠ ሕያዋን ስለሚባሉት አዲስ ዘሮች የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ወገን ተሰልፈዋል። አንደኛው ወገን ይህ ሁሉ ከነሥሩ ይነቀል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሳይንስ ያመጣውን ሁሉ ሳንጠራጠር እንቀበል ይላል። ሁለቱም አሳብ በሥራ ተፈትኗል።

የስሪላንካ መንግሥት በ2021 በሚያዝያ ወር የኬሚካል ማዳበሪያና የእርሻ መድኃኒት ወደ አገር እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። አሳቡ በጎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በምትኩ የሚሆን በቂ ብስባሽ ሳይዘጋጅ የዘር ወቅት በገበሬው ላይ ደረሰበት። የሩዝ ምርት ክፉኛ ወደቀ፤ ሩዝ ለራሷ ታበቃ የነበረች አገር ከውጭ ለመግዛት ተገደደች፤ በኅዳርም ክልከላው ተነሣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

የሁለተኛውን ወገን አሳብ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ እናገኘዋለን። በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ የአንዳንድ ትሎችን አንጀት የሚያፈርስ ነገር ይሠራል። ሊቃውንት የዚህን ባክቴሪያ ዘረ መል በጥጥ ተክል ውስጥ አግብተው፥ ተክሉ ራሱ ትሉን እንዲከላከል አደረጉ። ቡርኪና ፋሶ ይህን ጥጥ ከ2008 ጀምራ ዘራች። ትሉ ቀነሰ፥ ገበሬውም የሚረጨው መርዝ አነሰለት፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን የጥጡ ክር አጠረ። የአገሪቱ ጥጥ በገበያ የተከበረው በክሩ ርዝመት ነበርና የጥጥ ኩባንያዎቹ ከሰሩ፤ በ2016ም ዘሩን ተዉት። ዘሩ ለትሉ በቅቶ ነበር፥ ለገዢው ግን አልበቃም።

በሁለቱም አገር ውሳኔው ከማሳ ርቆ ተሰጠ፤ ክረምቱንና ድካሙን ያወጣው ግን ማሳው ላይ የቆመው ሰው ነው። እኔ የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ይመስለኛል፤ የሚወስነው አንዱ፥ የሚከፍለው ሌላው መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የምትኰራበት ታሪክ አላት። በ2000 የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል በተዘጋጀ ጊዜ የአፍሪካን ወገን እየመሩ የተከራከሩት፥ በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ከፕሮቶኮሉ ዋና ቃሎች አንዱ፥ ማንም አገር ለዘር የሚሆን ልውጠ ሕያው ወደ ሌላ አገር ከመላኩ በፊት አስቀድሞ ያስታውቅ፥ ተቀባዩም መርምሮ እሺ ወይም እምቢ ይበል የሚል ነው። አገራችንም በ2009 ጥብቅ ሕግ አወጣች፤ በ2015 አሻሽላ አላላችው፤ በ2018 ደግሞ ትል የሚከላከል ጥጥ እንዲዘራ ፈቀደች። ይህ ለውጥ ደግ ነው ወይስ ክፉ ብለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በአሕዛብ ሸንጎ ለአገራችን የጠየቅነውን ክብር በአገራችን ውስጥ ለገበሬው ሰጥተነዋል ወይ?

መርጫውን በጀርባው አዝሎ፥ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ወደ ማሳው የሚወርደው ሰው፥ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ ምን አስታወቅነው? ነጋዴው መድኃኒቱን ከትልቁ ዕቃ በውኃ ጠርሙስ እየቀዳ ሲቸረችርለት ስሙም መጠኑም አብሮ ጠፋ። ባዶውን ጀሪካን አጥባ ውኃ የምትቀዳበት እናት ማን ነገራት? የተረጨው ቲማቲም የተወሰነለት ቀን ሳይሞላ ወደ ገበያ ሲወጣስ የከተማው ሰው በምን ያውቃል?

«ገበሬው ያልተማረ ነው፥ ቢነግሩትም አይገባውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ነገር ሐሰት ነው። ለዘመናት ዘር መርጦ ያኖረልን፥ አፈሩንም በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ እርሱ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2017 በበቆሎ ላይ በተነሣ ጊዜ ብዙ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ወጥተው ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ገደሉ። እውነቱን የነገሩት ገበሬ የሚሠራውን አያጣም።

ስለዚህ አዲሱን ዘር የሚያመጣ ሰው ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ይናገር፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን እንደገና መግዛት ያሻ እንደ ሆነ ይህንንም ከሽያጩ በፊት ያስረዳ። መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ ለገዛ ልጁ የማይሰጠውን ለሰው ልጅ አይስጥ። የግብርና ሠራተኛውም ቍጥር ለመሙላት ሳይሆን ለማስተማር ይሂድ። እኛ ደግሞ በጠገበ ሆድ የምንከራከር፥ ከመፍረዳችን በፊት «የሚዘራው ሰው ተጠይቋል ወይ?» እንበል። እምቢ ለማለት ያልተፈቀደለት ሰው እሺ ቢልም እሺታው እሺታ አይደለም።