በኋላ እቆርጠዋለሁ

እስቲ ስልክዎን ያውጡና መንገድ ላይ ካነሷቸው ፎቶዎች አንዱን ያሳዩኝ። ሊስትሮው መሃል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጥሩ። አሁን እሱን ይተዉትና የፎቶውን አራት ጠርዝ በዓይንዎ ይዙሩት። በስተቀኝ ግማሽ እግር አለ፤ ባለቤቱ የለም። በስተግራ የሚኒባስ አፍንጫ ገብቷል። ከልጁ አናት ላይ ደግሞ የመብራት ፖል በቅሏል። ሲያነሱ አንዱንም አላዩትም። ዓይን የወደደውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ካሜራ ግን አያዳላም፣ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል።

«ግድ የለም፣ በኋላ እቆርጠዋለሁ» ይሉኛል። የምንጣላው እዚህ ላይ ነው። እግሩና ሚኒባሱ ይቆረጡ ይሆናል፤ ፖሉ ግን ወዴት ይሄዳል? ሲያነሱ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ቢሉ ኖሮ ከአናቱ ይርቅ ነበር።

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየር ብሬሶን መቁረጥ አይወድም ነበር፤ ለእሱ ፎቶ የሚያልቀው ሲነሳ ነው። ሆኖም ስሙን ካስጠሩት ፎቶዎች ዋነኛው የተቆረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ፣ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ውሃ ላይ የሚዘለውን ሰውዬ ያነሳው በአጥር ክፍተት አሾልኮ ነበር። ሌንሱ በደንብ አላለፈለትም፤ ጣውላው አንዱን ጎን ሸፈነበት፤ ያንን ቆርጦ ጣለው። ሰባኪውም ሲቸግረው ይቆርጣል ማለት ነው። የቸገረው ግን አጥር ነው፤ ፈቀቅ የማለት ስንፍና አይደለም።

የእኛ አገር መንገድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ነጭ ልብስ። በጥምቀት ወይም እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሕዝብ ሲያነሱ፣ ስልኩ ያን ሁሉ ነጭ አይቶ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቶች ይጠቁራሉ። ሰዉ ቤቱ ገብቶ ብርሃኑን ሽቅብ ይጎትተዋል፤ ፊቱም ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ከማንሳትዎ በፊት ፊቱን ስክሪኑ ላይ በጣትዎ ይንኩት፤ ስልኩ ብርሃኑን በፊቱ ይለካል። ነጩ ከልክ በላይ ከነጣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ጥላ በኤዲት ጥቂት ከፍ ይላል፤ በብርሃን ተበልቶ የጠፋ የነጠላ ጥለት ግን በምንም አይመለስም። ቀትር ላይማ አይድከሙ፤ ፀሐይ ከአናት ስትሆን የሰው ዓይን ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ሽቦ ማጥፋት መጥቷል። በአንድ ንክኪ የመብራቱ ሽቦ ይሄዳል፣ ቆርቆሮው ይሄዳል፣ ከኋላ ያለፈችው ሴትዮ ትሄዳለች። እኔ በበኩሌ አልወደውም። ያ የተጠላለፈ ሽቦ ከሌለ የአዲስ አበባ ሰማይ የማን ሰማይ ነው? የፒያሳ ብዙው ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ሰው በድሮ ፎቶው ውስጥ የሚፈልገው ከኋላ ያለውን በረንዳና የሱቅ ታፔላ ሆኗል።

«ፎቶ አንሺው ግርማ በርታስ?» ቢሉኝ እውነትዎን ነው። የአዲስ አበባን ሰው በስልክ እያነሳ፣ መንገዱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን ያቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የገንዘብ ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። እሱ ግን መንገዱን ያወጣው በአደባባይ ነው፤ ማንም ተመልካች አይታለልም። ሽቦውን አጥፍቶ «እንዲህ ነበር» የሚለው ሰው ነው የሚያናድደኝ።

የመጨረሻው ኤዲት መምረጥ ነው፤ እሱ ላይ ሁላችንም ሰነፎች ነን። የአንድ ጠዋት ሠላሳ ፎቶ ሙሉውን ለወዳጅ ማሳየት ወዳጅን ማስቀየም ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ ያነሳውን ፊልም ሆን ብሎ ሳያጥብ ብዙ ጊዜ ያቆይ ነበር፤ ሲያነሳ የነበረው ደስታ ካልበረደለት መምረጥ እንደማይችል ያውቅ ነበር። አበዛውና እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት 2,500 ገደማ ጥቅል ያልታጠበ ፊልም ትቶ ሄደ። ለእርስዎ አንድ ሳምንት ይበቃል። ያለፈውን ሳምንት ዛሬ ማታ ይክፈቱና ሁለት ሦስት ያስቀሩ፤ የዛሬውን ግን ለጊዜው አይንኩት።