ከቦዲቲ፣ ለእማዬና ለቤቱ ሁሉ

ቦዲቲ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የግፊት መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውጪያለሽ ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘይዋለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ዋጋ መጠየቅሽ አይቀርምና ከእሱ ልጀምር። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ቧንቧው የግቢው ሁሉ፣ በወር 2,000 ብር። በገበያ ቀን አቮካዶውን፣ ጎዳሬውን፣ ስኳር ድንቹን ብታዪ! እኛ ሰፈር አንድ ጭማቂ በሚጠጣበት ብር እዚህ ዘንቢሌ ይከብዳል። ጤፍ ግን ያው እንደ እናንተው ነው። ሥጋም እንዳሰብሽው አልረከሰም፤ የወላይታ ሰንጋ አገሩ ላይም ኩሩ ነው። ከሥጋው ጋር የሚቀርበው ዳጣ፣ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተፈጭቶ፣ መጀመሪያ ሰሞን እንባዬን ያወርደው ነበር። አሁን ከአገሬው ሰው አላንስም። ምሽት ላይ ብቻ፣ ግቢው ሁሉ በወላይትኛ ሲሳሳቅ ያልገባኝን እየሳቅሁ እቀመጥና... ተይው። ሚጡ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? ሒሳብ አሁንም ያስለቅሳታል?

ወንድም ጋሼ፣ የድምፅ መልእክትህን ሰምቼዋለሁ። አሁንም እሁድ እሁድ ቤት ተኝተህ በስልክ ስብከት ትሰማለህ ማለት ነው? የአጥቢያህ ሽማግሌዎች ያደረጉህን አልረሳሁም። እርቁን አንተና እነሱ ታውቃላችሁ፣ እኔ አላስታርቅም። የእኔን ብቻ ልንገርህ።

እዚህ የምሄድባት አጥቢያ ገና ከመጀመሪያው እሁድ በሩ ላይ ነው የተቀበለችኝ። አንዲት ከሴቶች ኅብረት የሆኑ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ በሰው ፊት፣ «ይሄ ቀይ ጸጉር ምንድን ነው? የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። ምሳዬንም ሳልበላ ዋልኩ። ደግሞ ይህ ብቻ መሰለህ? ሞንታርቦው ጆሮ ይበጥሳል። ኳየሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲዘምር ሌላው ጣራ ያያል። የኪቦርዱን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚል ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ተቀምጠው እንደነበር ስሰማ አንተ ትዝ ብለኸኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከውጭ የመጣ አንድ ሰባኪም «ዘር ዝሩ፣ ቪዛ ይመጣል» ብሎ ድሀውን አራቁቶ ሄዷል፤ እስካሁን ማንም አፍ አውጥቶ ይቅርታ አልጠየቀም። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅህም።

እማዬ፣ ቀጣዩን ስታነቢ እንዳትደነግጪ፣ አልፏል። በጥቅምት ታመምኩ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ደወሉልኝ፣ ከዚያ ዝም። የቤት አከራዬ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ማን መጣ መሰለሽ? ሴትዮዋ! ከኳየሩ አንድ ባለ ባጃጅ ልጅ ይዘው መጥተው ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ልጁም ሒሳብ አልቀበልም አለ። ከዚያ ሴቶቹ ተራ ገቡ፤ አንዷ ልብሴን ታጥባለች፣ አንዷ አጥሚት ታመጣለች። ሴትዮዋ እየደጋገሙ ያጠጡኝ ሃይታ ቱኬ ነው፤ የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ ጨው ጣል ይደረግበታል። ላብ በላብ ያደርጋል። ጽዋውን አፌ ላይ ይዘውልኝም «ስትድኚ ጸጉሩን ወደ ጥቁር ትመልሺዋለሽ» ይሉኛል! አልመለስኩትም። እሳቸውም ዛሬም አልተዉኝም።

ወንድም ጋሼ፣ ከታመምኩ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጥተው ያጫወቱኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ኤስ አይ ኤም የሚባለው የወንጌል ሚሲዮን ሶዶ የገባው በ1920 ነው። በ1926 የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጠመቁ። በ1929 ጣሊያን ነጮቹን ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎችን ነው። በእጃቸው በወላይትኛ የነበረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ቁርጥራጭ ጽሑፍ ብቻ። አብዛኛው ማንበብ አይችልም። ዋንዳሮን የመሰሉት መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ያኔ እስር ቤት ስንቅ የሚያቀብልህ ዘመድህ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ይራብ ነበር። ምእመናኑ ለወንድሞቻቸው ስንቅ እያመላለሱ፣ ምግቡ ከመትረፉ የተነሣ ያላመኑት እስረኞችም በሉ ይላሉ ሰውዬው። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ጠበቃቸው።

ሁሉም ቅዱሳን ነበሩ ወይ አልኳቸው፣ አንተን አስቤ። ሳቁ። «ያኔም ይጣሉ ነበር» አሉ። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሲዘጉም እየተደበቁ ሲሰበሰቡ፣ በማን ቤት እንገናኝ ብለው ይኳረፉ ነበር አሉ። ተኳርፈውም ግን ማታ ይመጣሉ። አንተ ስልክህ ውስጥ ስንት ሰባኪ አለ? እነዚያ አንድ ወንጌልና እርስ በርሳቸው ብቻ ነበሯቸው። የስልክህ ሰባኪ ጥሩ ይናገር ይሆናል፤ ብትታመም ግን ባለ ባጃጅ አይልክልህም። ደግሞ አንተም ስንቅ የምታቀብለው ሰው አጥተህ ቤትህ ተቀምጠሃል። ከሁሉ ይኸኛው ነው ለእኔ የከበደኝ።

ቆይ፣ አንድ የሚያስቅ ነገር። ገበሬዎቹ መባ የሚያመጡት እንቁላል፣ በቆሎ፣ ዶሮ ነው፤ ከጸሎት በኋላ ለጨረታ ይቀርባል። ያለፈው እሁድ ለማሟሟቅ እጄን አወጣሁ፣ ሰው ዝም አለ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ በ900 ብር ተረከብኩ! ገበያ ላይ በስንት እንደምትሸጥ አትጠይቁኝ። ሁሉም አጨበጨበልኝ፣ ሴትዮዋም «ጸጉርሽን ትመስላለች» አሉ። ማረድ ስለማልችል ግቢው ውስጥ ትዞራለች።

የእትዬ ልጅ ተሻላት ወይ? የቤታችን ጣሪያ ክረምቱን ቻለ? ለምን ማንም ስለ አያቴ አይጽፍልኝም፣ የምትደብቁኝ ነገር አለ እንዴ? ወደ ሶዶ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ሽሮና ጋቢዬን ላኩልኝ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ወንድም ጋሼ፣ አንተ ካልተመቸህ ወደዚያችው አጥቢያ አትመለስ፣ ሌላ ፈልግ። ግን እሁድ ጠዋት ስደውልልህ አልጋ ላይ ሆነህ እንዳታነሳ።

ናፋቂያችሁ