አንድ ቃል ብቻ የሚቀየርበት ትእዛዝ

ቀን ኮድ ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ሆሜርን አነባለሁ። የሙያ ልማድ አይለቅምና፣ የተደገመ ነገር ሳይ ዓይኔ እዚያው ይቀራል።

በኢሊያድ 6ኛ መጽሐፍ አንድሮማኬ ባሏን ሄክቶርን ጦሩን የት ቢያቆም እንደሚሻል ትመክረዋለች። እሱም ወደ ቤት ገብታ ሽመናዋንና ፈትሏን እንድትይዝ ይነግራታል፤ ጦርነት የወንዶች ጉዳይ ነውና። በኦዲሲ 1ኛ መጽሐፍ ቴሌማኮስ እናቱን ፔኔሎፔን በዚያው አነጋገር ይመልሳታል፤ «ጦርነት» በነበረበት ቦታ ግን «ንግግር» ገብቷል። በ21ኛው መጽሐፍ ይኸው ልጅ ይደግመዋል፤ አሁን ቃሉ «ቀስት» ነው። ለእኔ ይሄ አንድ ፈንክሽን ነው፤ የሚለዋወጠው ቫሪያብሉ ብቻ።

በቃል ሲነገር በኖረ ግጥም ውስጥ ስንኝ መደጋገሙ ያለ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለመደገም ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ማየትም ደግ ነው።

ደግሞ ሄክቶር ክፉ አይደለም። ይህን ሲላት በእጁ እየዳበሳት ነው። እኔም በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ ሰርቨሩ አሠራር ሐሳብ ስሰጥ፣ «አንቺ እሱን ለእኛ ተይውና ቃለ ጉባኤውን ያዢልን፣ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብያለሁ። በፈገግታ ነው የተባለው። በፈገግታ የመጣ ትእዛዝ ለመመለስ ይከብዳል።

«የሴት ሥራ» የሚባለውም እንደ አገሩ ነው። እኛ ዘንድ በልማዱ ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው። እዚያ ሁለቱም የሴት ናቸው።

ፔኔሎፔ ግን ሽመናውን መሣሪያ አደረገችው። የአማቷን የላኤርቴስን መግነዝ ቀን እየሸመነች ማታ እየተረተረች፣ ሊያገቡዋት የሚሽቀዳደሙትን ሦስት ዓመት አታለለቻቸው። ለዚህም «ታማኝ ሚስት» የሚል ስም ቀረላት።

በዚያው ቤት ከ50 ገረዶች 12ቱ ከእነዚያው ወንዶች ጋር ተኝተዋል ተብለው በ22ኛው መጽሐፍ በገመድ ተሰቀሉ። ወደው ይሁን ተገደው የጠየቃቸው የለም። የሰቀላቸው ቴሌማኮስ ነው፤ ያው እናቱን ዝም ያሰኛት ልጅ። ንግግር የወንዶች ነው ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቅላቸው?