ጨርቄን ማቄን

በአማርኛ «ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ» ሲባል፣ ሰውየው ነፍሱን ለማዳን ያለውን ሁሉ ጥሎ መሄዱን እንረዳለን። በሱዳን ለኖርን ኢትዮጵያውያን ይህ አባባል ተረት ሳይሆን የሕይወት ታሪክ ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ጨርቁንም ማቁንም መተው ስለማይችል ሰው፣ ይህ ሰው የቅርብ ዘመድ ሲሆን ደግሞ ቤተሰብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እጽፋለሁ። ጉዳዩ በየጓዳው ያለ፣ ነገር ግን በኀፍረት ምክንያት የማይነገር ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ከጎንደር ካሰደዳቸው ወጣቶች አንዷ ናቸው። በመተማ በኩል ገዳሪፍ ገቡ፤ ከዚያም ካርቱም ዘልቀው ጥቂት ዓመታት ዴም ኖሩ፤ ኪራዩ ሲከብዳቸው ጥቁር ዓባይን ተሻግረው ሐጅ ዩሱፍ ሠፈሩ። ሐጅ ዩሱፍ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች የተሰባሰቡበት፣ ብዙው ቤት ከጭቃ የተሠራበት ሰፊ ሠፈር ነው። በሱቅ ሲታ ገበያ የማይሸጥ፣ የማይለወጥ፣ የማይጠገን ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ባዶ ጣሳም ካርቶንም ዋጋ አለው። በእንዲህ ያለ ሠፈር ዕቃ የማይጥል ሰው ብልህ እንጂ ሕመምተኛ አይባልም። አክስቴም በጎረቤቱ ዘንድ የሚታወቁት በቆጣቢነታቸው ነበር።

ነገሩን የደበቀው ሌላም ምክንያት ነበር። በካርቱም ሙቀት ሰው የሚተኛው በሖሹ ውስጥ፣ አንገሬብ ዘርግቶ ከሰማይ በታች ነው። ቡናውም የሚጠጣው፣ እንግዳውም የሚስተናገደው እዚያው ነው። ስለዚህ የክፍሎቹን ውስጥ የሚያይ አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ግን ሖሹ ይጨቀያል፤ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። አክስቴ የሚገቡበት ክፍል አልነበራቸውም። ሁለቱም ክፍሎች በዱቄት ወተት ጣሳ፣ በፌስታል፣ በስሚንቶ ከረጢት፣ በማይሠራ ማራገቢያ፣ በመድኃኒት ጠርሙስና በጋዜጣ ክምር እስከ ጣራው ተሞልተው ነበር። ጋዜጦቹ በዐረብኛ የታተሙ ናቸው፤ አክስቴ ዐረብኛ መናገር እንጂ ማንበብ አይችሉም። ለምን እንደሚያስቀምጡአቸው ስጠይቃቸው፣ «የኛ ጉዳይ ተጽፎበት ይሆናል፤ አንድ ቀን የሚያነብልኝ አይጠፋም» አሉኝ።

የጭቃ ቤትና የዕቃ ክምር ክረምት ላይ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ2013 እና በ2020 ካርቱምን ያጥለቀለቀውን ዝናብና ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የረጠበ ካርቶን ግድግዳውን ያረጥባል፤ አይጥና ጊንጥ ይጠለልበታል። በዚያ ላይ አክስቴ የከሰል ምድጃቸውን የሚያቀጣጥሉት ከጋዜጣው ክምር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የንጽሕና ብቻ አልነበረም፤ አንድ ምሽት ቤቱ ሊደረመስባቸው ወይም ሊቃጠልባቸው ይችል ነበር።

ቁጠባ፣ ስብስብና ሕመም

ዕቃ የሚሰበስብ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ቴምብር ወይም አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ስብስቡን ያደራጃል፣ ያሳያል፣ ይኮራበታል። ቆጣቢም ያስቀመጠውን ያውቀዋል፤ ሲያስፈልገውም ያወጣዋል። የማከማቸት ሕመም የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ሰውየው ዋጋ ያለውንም የሌለውንም ለመጣል ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ለመጣል ማሰቡ ራሱ ያስጨንቀዋል። ሦስተኛ፣ ከክምሩ የተነሣ መኝታው መኝታ፣ ማድቤቱም ማድቤት መሆኑ ይቀራል።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ራንዲ ፍሮስትና ታማራ ሃርትል ይህን መለያ በጽሑፍ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ በመመሪያው ያሰፈረው በ2013 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አካቶታል። በአብዛኛው በምዕራቡ ዓለም የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን እንደሚይዝ ይገምታሉ። በወጣትነት ይጀምራል፤ ከዕድሜ ጋር ይበረታል።

በዘመድ ወዳጁ ዘንድ የአክስቴን ነገር ስደት ያመጣው ነው የሚል እምነት ነበር። «ሁሉን ጥላ ስለወጣች ሁሉን ትይዛለች» ይባል ነበር። አባባሉ ያሳምናል፤ ግን ሙሉ አይደለም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓመት ባዶ እጃቸውን የወጡ ሌሎች ሴቶች በዚያው ሠፈር በተጠረገ ቤት ይኖሩ ነበር። ጥናቶችም በልጅነት ዕቃ ማጣት ብቻውን ይህን ሕመም እንደማያመጣ፣ ይልቁንም የሚወዱትን ሰው በሞት ማጣትና እንደዚህ ያሉ ከባድ ድንጋጤዎች፣ እንዲሁም በቤተሰብ ውስጥ ያለ ዝንባሌ ድርሻ እንዳላቸው ያመለክታሉ። አክስቴ ስደት ሲወጡ ጥለውት የወጡት ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የተገደለ ወንድማቸውን ቀብር ሳያዩ ነው የወጡት።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዴቪድ ቶሊን መሪነት የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች የራሳቸው ወረቀት ይጣል ወይስ ይቀመጥ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከውሳኔና ከስሜት ጋር የተያያዙ የአንጎላቸው ክፍሎች ከሌላው ሰው ይልቅ በርትተው ሠሩ። ወረቀቱ የሌላ ሰው ሲሆን ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ለሌላው ሰው የአንድ አፍታ ነገር የሆነው ውሳኔ ለእነርሱ ሥቃይ ነው። ስንፍና ወይም ግትርነት ብሎ መፍረድ ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በጉልበት የጸዳ ቤት

የአክስቴ ልጅ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ ጸበል አስጠመቃቸው፤ ከዚያ መከራቸው፤ ከዚያ ለመናቸው። በመጨረሻ እርሳቸው ታመው ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ የአህያ ጋሪ ተከራይቶ፣ ሁለቱንም ክፍሎች አጸዳ፤ ግድግዳውንም ኖራ ቀባ። አክስቴ ሲመለሱ አልጮኹም። በሩ ላይ ቆመው ጥቂት ካዩ በኋላ ተመልሰው ሖሹ ውስጥ ተቀመጡ። ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ ለልጃቸው በር መክፈት ተዉ፤ ክፍሎቹም በስምንት ወር ውስጥ ዳግም ሞሉ። በዚህ ሕመም ላይ የሠሩ ባለሙያዎች ከሚስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ያለ ፈቃድ የጸዳ ቤት ተመልሶ ይሞላል፤ የተሰበረው እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ እኔ ዓርብ ዓርብ ከጅሬፍ መመላለስ ጀመርሁ። ስምምነታችን አንድ ነበር፤ እርሳቸው ሳይፈቅዱ ምንም ነገር አልነካም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቡና ጠጥተን ተለያየን። ከዚያ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ እሳቱ አነሣሁ፤ «እትዬ፣ ምድጃው ዙሪያ አንድ ክንድ እናስለቅቅ፤ የሚጣል የለም፤ የሚዛወር እንጂ» አልኋቸው። ተስማሙ። ቀጥሎ ከበሩ እስከ አንገሬቡ መተላለፊያ ከፈትን። ደኅንነት ይቅደም፤ ውበት ይቆይ የሚለው የባለሙያዎቹ ምክር ጠቃሚነቱን ያየሁት በዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ውሳኔው ገባን። በየዓርቡ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ እንይዛለን፤ ዛሬ ጣሳ ከሆነ ጣሳ ብቻ። «ይህ ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያጣም፤ ለሁሉም ነገር ጥቅም ይገኝለታልና። ስለዚህ «ይህ ማን ዘንድ ቢሄድ ሥራ ላይ ይውላል?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። አክስቴ «ለሰው የሚሆን ነገር እንዴት እጥላለሁ?» የሚሉ ሰው ናቸው። «ለሰው» የሚለው ቃል መንገድ ከፈተልን። ጣሳዎቹ በመንገድ ዳር ሻይ ለሚሸጡ ሴቶች፣ ካርቶኑ ለጎረቤት ጣራ፣ ማራገቢያው ለጠጋኝ ሄዱ። «ኻልቲ» የሚሏቸው የሱዳናዊት ጎረቤታቸው ልጆች ዕቃውን ተቀብለው ሲያመሰግኗቸው አክስቴ ፈገግ ሲሉ አየሁ። አንዳንድ ዓርብ አምስት ዕቃ ይወጣል፤ አንዳንዱ ዓርብ አንድም አይወጣም። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አንዱ ክፍል መኝታ ሆነ። ሁለተኛው እንደሞላ ቀረ።

ከጋዜጣው ክምር መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ የስደተኛ ካርዳቸውና የገዳሪፍ መመዝገቢያ ወረቀታቸው ተገኘ። ከ1991 በፊት ለወጡ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት መብት ከማርች 1 ቀን 2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማክተሙን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ባስታወቀ ጊዜ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለስደተኛው ምን ያህል እንደምትከብድ የዚያ ዘመን ሰው አይረሳም። ወረቀት ማስቀመጥ የሕመማቸው አካል ቢሆንም፣ ለዚህ ወረቀት መፍራታቸው ግን ትክክል ነበር። ያን ቀን ሌላ ነገር አላወጣንም፤ ለወረቀቱ አንዲት ከረጢት አዘጋጅተን በራስጌያቸው ሰቀልን።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ፈነዳ። ሐጅ ዩሱፍ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ፤ እስከ 2025 መጀመሪያ ወራትም እንደዚያው ቆየ። አክስቴ በሰኔ ወር ከልጃቸው ጋር ሲወጡ እኔም አብሬ ነበርሁ። መኪናው ሲጠብቅ ሁለተኛውን ክፍል ከፍተው ትንሽ ቆሙ። እምቢ ይሉ ይሆናል ብለን ፈራን። ከረጢቷን ከራስጌው አውርደው፣ «ሌላው ይቅር፤ ስሜ ያለበት ይኼ ነው» አሉና ወጡ። በተከፈተው መተላለፊያ ከክፍላቸው እስከ በር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከዓመታት በፊት ቢሆን፣ በሩን ማግኘት መቻላቸውን እንጃ።

ዛሬ አክስቴ ጎንደር፣ እናቴ ዘንድ ናቸው። ድነዋል ብል ሐሰት ይሆናል። በገቡ በወሩ ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ከአልጋቸው ሥር መታየት ጀመሩ። እናቴ አልጣለችባቸውም፤ አንድ መደርደሪያ ሰጠቻቸው። መደርደሪያው የእርሳቸው ነው፤ ማንም አይነካውም፤ ሲሞላ ግን አዲስ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ወደ ሰው ይሄዳል። ይህ ሕመም እንደ ስኳር በሽታ በየቀኑ የሚያዝ እንጂ በአንድ ቀን ዘመቻ የሚነቀል አይደለም።

እንዲህ ያለ ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን ትኖራላችሁ። ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ ጋሪ ከመከራየታችሁ በፊት ቡና ጠጡ። ከምድጃውና ከበሩ ጀምሩ። ዕቃውን «ቆሻሻ» አትበሉት። ጭንቀቱ ከበረታ ከሐኪም ጋር ተማከሩ። በኦምዱርማን የሚገኘው ሆስፒታል ስሙን የወሰደው ከሱዳናዊው የአእምሮ ሕክምና አባት ከዶክተር ቲጃኒ አል ማሒ ነው፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ክፍል አለ። ሕመሙ ለእኛ አዲስ ስም ቢሆንም፣ በንግግር የሚደረገው ሕክምና ብዙዎችን ረድቷል። ከሁሉም በላይ ግን ባለ ዕቃው ራሱ ይወስን። እርሱ የመረጠው አንድ ጣሳ፣ ሌላው ከጣለለት ሙሉ ክፍል ይበልጣል።